ሁለት ጣት አሳንሶ

ሸራዋ የተገፈፈ ባጃጅ አሶሳ መንገድ ዳር ቆማ ያየ ሰው፣ በየቀኑ የሚሳፈርባት ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነች ይገርመዋል። ሦስት ጎማ፣ መሪ፣ የፊት መስታወት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ሞተር። ከዚያ በላይ ጎበጥ ያሉ ጥቂት የብረት ቱቦዎች አሉ፤ ከቱቦዎቹ በላይ ሰማይ ነው። ጣሪያ የምንለው በእነዚያ ቱቦዎች ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ሹፌር ስለ ሞተሩ ከጠየቁት ግማሽ ሰዓት ያወራል። ሸራው ትዝ የሚለው ግን ማፍሰስ ሲጀምር ነው።

እኔ ባጃጅ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወደ ላይ፣ የፊት መስታወቱ ክፈፍ ከጎን ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ማእዘን ነው። ሸራው እዚያ ሲደርስ ባንዴ ወደ ሁለት አቅጣጫ መታጠፍ አለበት፤ ወደ ፊትም፣ ወደ ጎንም። ጨርቅ ይህን አይወድም። የቸኮለ ሰፊ ትርፉን ጠቅልሎ ከሥር ይወሽቀዋል፣ ማእዘኑም አብጦና ተጨማዶ ይቀራል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያለበሰው ማእዘን ግን ለስልሶ ዞሮ ይገባል፤ የት ላይ እንደታጠፈ በዓይን አይገኝም፣ በጣት ዳሰስ ካላደረጉት። አሶሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ማእዘን ደጋግሜ ሳይ የማን እጅ እንደሆነ ሹፌሮችን መጠየቅ ጀመርኩ። ሁሉም የጠቆሙኝ ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ከገበያው ወረድ ብሎ ማንጎ ዛፍ ሥር ወዳለ፣ አጥሩ የሽመል ወደሆነ ግቢ።

ሰፊው አምሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው፤ አነጋገራቸው ላይ ወሎ እስካሁን አለ። መርፌ መያዝ የጀመሩት የእህል ጫኝ መኪኖችን ሸራ እየጠቀሙ ነው። ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ሥራውም ወደ ባጃጅ ዞረ። በራቸው ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ማስታወቂያው ከተማ ውስጥ እየዞረ ነው ቢባል ይቻላል።

የአሶሳ አየር ለሸራ አይመችም። ክረምቱ አንድ ሆኖ ረጅም ነው፤ ግንቦት ገደማ ይጀምርና ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በበጋው ማብቂያ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት በእጅ አያስነካም። ዛሬ ለባጃጅ የሚሰፋው ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የተለበጠበት የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ፒቪሲ ሲሞቀው ይላላል፣ ይለጠጣል፤ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልክ የሆነ ሸራ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ረግቦ ይገኛል። የረገበ ሸራ ላይ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይቋጥራል፤ የቋጠረው ውሃ ክብደት መልሶ ሸራውን ይለጥጠዋል። ባጃጇ ስትሮጥ ነፋስ ከሥሩ ይገባና ከቱቦው ጋር ያማታዋል። ሸራ በዝናብ አለቀ ይባላል እንጂ፣ የሚገድለው ይኸው መማታት ነው።

የእኚህ ሰው ሙያ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሸራውን በብረቱ ልክ አይቆርጡም። ከርዝመቱ ሁለት ጣት ያሳንሳሉ፤ የጎደለውን ፀሐይ ትሞላዋለች። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ሦስት ጣት ያሳነሰ ሰው ስፌቱን ይተረትረዋል፣ አንድ ጣት ያሳነሰ ደግሞ ለመጪው መጋቢት የረገበ ጣሪያ ያስረክባል። ሁለቱ ጣት እንኳ የሁሉም ጨርቅ ልክ አይደለም። ሰፊው አዲስ ጥቅል ሲገዙ ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው በቁመቱ ይስቡታል፣ በወርዱ ይስቡታል፣ በሰያፍ ይስቡታል። በሰያፍ ሲሳብ የማይለጠጥ ጨርቅ የለም፤ ጥያቄው በቁመቱ ምን ያህል እሺ ይላል የሚለው ነው። እልኸኛ ሆኖ ካገኙት አንድ ጣት ተኩል ያደርጉታል።

በዚህ ነገር አብዝተው የተጨነቁት እንግሊዞች ናቸው። በዝናብ አገር ክፍት የስፖርት መኪና መንዳት ያማራቸው ሰዎች ሸራ ማወቅ ግዴታቸው ሆነ። እንግሊዝ ሠራሽ ክፍት መኪና ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሳት ሲድሌይ በኢትዮጵያ መንገድ፣ ያውም መንገድ ባልነበረበት፣ ከሄዱት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ ናት። ሸራ ማልበስ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ በመጡት እንደ ኤምጂና ትራያምፍ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ ነው። አቢንግደን በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ኤምጂቢ፣ ጣሪያዋ ድፍን የሆነውን ጨምሮ፣ ከ500 ሺህ በላይ ወጥታለች። በመጀመሪያ ሰሞን ከነበሯት ሸራዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ የሚወልቅ ነበር፤ ባለቤቱ ጨርቁን አጣጥፎ፣ ቅስት ብረቶቹን ነቃቅሎ ሻንጣው ውስጥ ይከታቸዋል። ደመና በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሞ ያንን ሁሉ መልሶ መግጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ ጆቫኒ ሚኬሎቲ የነደፈው የሚታጠፍ ሸራ ገባና ነገሩ ቀለለ።

ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች አንዷን የሚያድስ ሰው አዲስ ሸራ ገዝቶ ካርቶኑን ሲከፍት ተሰፍቶ ያለቀ ጨርቅ ያገኛል፤ ቁልፎቹ ግን ብዙ ጊዜ አልተመቱበትም። ሻጩ ሰንፎ አይደለም። መኪኖቹ በሰው እጅ የተገጣጠሙ ናቸው፤ የአንዷ የመስታወት ክፈፍ ከሌላዋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ያዘነብላል፣ የአንዷ ቅስት በሃምሳ ዓመት ውስጥ ጎብጧል። ቀዳዳው የት እንደሚበሳ የምታውቀው መኪናዋ ራሷ ናት። አልባሹ ሞቅ ያለ ቀን ይመርጣል፣ የኋላውን ጫፍ ያስራል፣ ጨርቁን ወደ ፊት ስቦ በመስታወቱ ክፈፍ ጠርዝ በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ የፊቱን ብረት ከመቆለፊያው ይፈታና ጨርቁን ከጠመኔው መስመር አንድ ጣት ያህል አሳልፎ ስቦ ይለጥፋል። መቆለፊያው ተመልሶ ሲዘጋ ያ አንድ ጣት ውጥረት ይሆናል። አሶሳ ውስጥ ኤምጂ አይቼ አላውቅም፤ ሽመል አጥሩ ውስጥ ያሉት ሰውም ስለ አቢንግደን የሰሙት ነገር የለም። ስሌቱ ግን ያው ነው። እንግሊዙ አንድ ጣት፣ የአሶሳው ሁለት ጣት መሆኑ የጨርቁ ርዝመትና የፀሐዩ ልዩነት ይመስለኛል። ሌላው ልዩነት እንግሊዙ ሸራውን የሚያጥፈው ፀሐይ ለመሞቅ መሆኑ ነው። አሶሳ ላይ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ጣሪያ የሚያነሣ ሰው ቢገኝ ቤተሰቡ ጠበል ይወስደው ነበር።

ባጃጅም ብትሆን ዘሯ አውሮፓ ነው። የጣሊያኑ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ያወጣት ባለ ሦስት ጎማዋ አፔ ቅድመ አያቷ ናት፤ ንድፏ የቬስፓው አባት የኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው፣ ሰውየውም ሄሊኮፕተር ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ነበር። ሕንዶቹ ከፒያጆ ፈቃድ ወስደው ማምረት ጀመሩና የኩባንያቸው ስም በእኛ አገር የተሽከርካሪው ስም ሆነ።

ወደ ግቢው እንመለስ። ሰፊው መጀመሪያ ሸራ አይነኩም፤ የሚያዩት ብረቱን ነው። ጥቂት ዓመት የሠራች ባጃጅ ተገልብጣ የማታውቅ ከሆነ ወይ ሹፌሯ ዕድለኛ ነው፣ ወይ አይናገርም። ከአስፋልት ወጥታ ገጠር ስትገባ ቱቦው ይጎብጣል፣ ይበየዳል፣ መልሶ ይጎብጣል። ሰውየው ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው ከግራው የፊት ማእዘን ወደ ቀኙ የኋላ ማእዘን ይዘረጉና ርዝመቱን በቋጠሮ ይይዛሉ። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ ከቀኙ የፊት ማእዘን ወደ ግራው የኋላ ማእዘን ያዞሩታል። ቋጠሮው እዚያው ከደረሰ ጣሪያው ቀጥ ያለ ነው። ካለፈ ወይም ካጠረ ባጃጇ ወደ በያጅ ትሄዳለች፤ ሹፌሩ ቢለምንም፣ ቢቆጣም ሥራው አይጀመርም። በሜትር ለምን አይለኩም ስላቸው «ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው እኩል መሆኑን ነው።»

ብረቱ ሲቃና ከመነዳሪ ይጠመጠምበታል። አሮጌ ከመነዳሪ በቀጭኑ ይተለተልና ሸራ የሚያርፍበት ቱቦ ሁሉ በእሱ ይጠቀለላል። ቀለሙ የተላጠ ቱቦ ይዝጋል፤ ዝገቱ ሸራውን ከውስጥ በኩል ቀስ በቀስ ይሞርደዋል። ሌሎች ቤቶችም ከመነዳሪ ይጠመጥማሉ። እዚህ ግን ጥምጥሙ ከየት እንደጀመረና የት እንዳለቀ ለማየት ከሥር ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ ጫፎቹ በሙሉ በቱቦው ሆድ በኩል ናቸው። ከላይ ጨርቁን የሚገፋ እብጠት የለም። ከላይ የወጣ የቪቴ ራስ ካለም በሞረድ ይስተካከላል።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ብዙ ሰፊዎች አሮጌውን ሸራ ፈትተው፣ አዲሱን ጨርቅ ከሥሩ አንጥፈው፣ በዚያው ልክ ይቆርጣሉ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሹፌር ይህንኑ ሐሳብ ሲያቀርብ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ይችን አሮጌ ፈትተው በእሷ ልክ ቢቆርጡ አይፈጥንም?»

«ይፈጥናል። አሮጌዋ ግን ስንት ክረምት የተለጠጠች ናት። የሷን መርገብ ለአዲሷ ላውርሳት?»

እሳቸው የሚለኩት በማዳበሪያ ነው። ባዶ ማዳበሪያ ጎንና ጎኑን ፈትተው፣ ሁለቱን አጋጥመው በቱቦዎቹ ላይ ይዘረጉታል፤ ማዳበሪያ ስለማይለጠጥ አይዋሽም። ቱቦው ያለበትን መስመር ከላይ በከሰል ይዳስሱታል፣ ምልክቱ ይቀራል። የመሐሉ መስመር፣ ከፊት መስታወቱ መሐል እስከ ኋላ መስኮቱ መሐል፣ በመጀመሪያ ይሰመራል፤ ሌላው ልክ ሁሉ ከእሱ ግራና ቀኝ ይቆጠራል።

ማዳበሪያው ሸራው ላይ ተዘርግቶ ምልክቶቹ በጠመኔ ሲገለበጡ የሚቀረው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ነጠብጣቦቹን ማገናኘት ያስፈልጋል፤ በተለይ ከጎን ቱቦው ወደ ኋላ የሚወርደውን ጥምዝ። እዚህ ላይ ሰውየው አንድ እቃ ያወጣሉ፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ተሰንጥቆ በጩቤ የተላገ ቀጭን ሽመል። የአካባቢው ሽመል ውስጡ ድፍን ነው ለማለት ይቻላል፤ እንደ ደጋው ቀርከሃ ክፍት ቧንቧ አይደለም፤ ስለዚህ ተሰንጥቆ ሲላግ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሊሆን ይችላል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሽመል ደኑ የሚታወቅ ክልል ነው፤ ቤቱም አጥሩም አልጋውም ከእሱ ነው። የሰውየው ስንጥቅ ግን እንደዚያ ሁሉ ሽመል አይደለም፤ ብዙ ከመነካቱ የተነሣ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። አንዱን ጫፉን በግራ ጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ሌላውን በቀኝ እጃቸው ገፋ ያደርጉታል፤ ስንጥቁ ይጎብጥና ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ይነካል። አንዱ ነጠብጣብ ከጥምዙ ውጭ ከቀረ ስንጥቁን ወደ እሱ አያስገድዱትም። ነጠብጣቡን በአውራ ጣታቸው አጥፍተው ስንጥቁ ባለፈበት ያሰምራሉ። ከሰሉ ተሳስቷል ማለት ነው። ልጃቸው ከማዶ ሆኖ በጠመኔው ተከትሎ ይሄዳል። የወጣውን መስመር አይቼ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰበር ቦታ የለውም። ሸራው ተሰፍቶ ሲወጠር የሚጨማደደው መስመሩ የተሰበረበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ያንን ለስላሳ ማእዘን የሚሠራው መርፌ ሳይነካው በፊት፣ መሬት ላይ ነው።

መቀሱ የሚሄደው ግን በዚህ መስመር ላይ አይደለም። በፊት ጫፍ በኩል ሁለት ጣታቸውን አጋድመው መስመሩን ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ ለእጥፋቱ የሚሆን ይጨምሩበታል፣ ከዚያ ይቆርጣሉ።

ስለ ስፌቱ ብዙ መናገር ይቻላል፤ የሚጣላኝ ሰው ስለማይጠፋ በአጭሩ ልሂድ። ሰው ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስለዋል። ለሸሚዝ እውነት ነው። ፒቪሲ ላይ ግን እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ጉዳት ነው፤ የድሮው የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍነው ነበር፣ ፒቪሲ ግን የተበሳውን አይመልስም። ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ ጨርቁ እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ ይቀደዳል። ስለዚህ የሰውየው ጥልፍ ረጅም ነው፤ አንድ ጣት ላይ ሦስት ቢሆን ነው። ክሩ ፖሊስተር ነው፤ የጥጥ ክር በፀሐይና በእርጥበት ከጨርቁ ቀድሞ ይበሰብሳል። ክሩን የማር ሰም ላይ አንድ ጊዜ ያሳልፉታል፤ ሰም እዚህ አገር አይቸግርም። የስፌት መኪናቸው በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ናት፤ ሞተር ያለው ገዝተው ነበር፣ ማእዘን ላይ ሲደርስ አይታዘዝም ብለው ለልጃቸው ሰጡት። መጋጠሚያው ላይ የላይኛው ጨርቅ ሁልጊዜ የታችኛውን ያለብሳል፤ ከላይ የወረደ ውሃ መጋጠሚያውን ተሻግሮ ይሄዳል እንጂ የሚገባበት አፍ አያገኝም። የሣር ክዳን ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባጃጅ ሸራ ላይ ግን ተገላብጦ ተሰፍቶ ያየሁት ብዙ ነው።

የኋላ መስኮቱ አሰፋፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። መስኮቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ተራው መንገድ ሸራው ላይ አራት ማእዘን ቀዳዳ ቆርጦ ፕላስቲኩን መግጠም ነው፤ ሸራው ግን ገና ሲቆረጥ አራቱ ጎኖች ይለቃሉ፣ ስፌቱ ሲጀምር አንዱ ጎን ይሳባል፣ ሌላው ይረግባል፣ መስኮቱም ጠምዘዝ ብሎ ይወጣል። እሳቸው ቀዳዳውን አይቆርጡም። ፕላስቲኩን ባልተነካው ሸራ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በሁለት መስመር ይሰፉታል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የማያሳይ መስኮት የሰፉ ይመስላል። ስፌቱ ካለቀ በኋላ ሸራውን ይገለብጡና ከውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ ጥቂት ገባ ብለው፣ ጨርቁን ብቻ በስል ምላጭ ይቆርጡታል። የምላጩ ጫፍ ፕላስቲኩን እንዳይነካ ጨርቁን በግራ እጃቸው ጣቶች ከፕላስቲኩ ያላቅቁታል፣ ምላጩንም ወደ ላይ አዙረው ይገፉታል። አራተኛው ጎን ሲያልቅ ጨርቁ ይወድቃል፣ ብርሃን ይገባል። መስኮቱ እንደ መጀመሪያው ቀጥ እንዳለ ነው፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ስፌቱ ይዞታልና። ሹፌሩን የሚመክሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱን በቤንዚን እንዳይጠርግ። ይጠርጋል፤ ወዲያው ይደበዝዝበታል።

ማልበሱ የሚሠራው በቀትር ነው። የተሰፋው ሸራ ጠዋት መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ እጅ ሲያርፍበት ለስልሶ እሺ ሲል ይነሣል። መጀመሪያ የኋላው መሐል ይያዛል። ቀጥሎ ልጁ ከፊት ይስባል፣ አባት የፊቱን መሐል ከክፈፉ ጋር ያስራሉ። አሁን ሸራው በአንድ መስመር ብቻ ተወጥሯል፣ ግራና ቀኙ ተንጠልጥሏል። ከዚያ አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ ከኋላ አንድ፣ ከፊት አንድ እያሉ ወደ ማእዘኖቹ ይሄዳሉ። ከአንድ ጎን ጀምሮ ወደ ሌላው የሚጨርስ ሰው ትርፉን ሁሉ እየገፋ አንድ ማእዘን ላይ ይከምረዋል። በእሳቸው መንገድ ትርፉ ለአራቱም ማእዘን ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱም የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ያቺን ትንሽ ምን እንደሚያደርጓት ለማየት ጠጋ ብዬ ነበር። የፊቱ ማእዘን ላይ ሸራው ከክፈፉ ሥር ሊገባ ሲል ሦስት ቦታ በመቀስ ጫፍ ነካ ያደርጉታል፤ ቁርጠቶቹ ከጠርዙ ይጀምሩና ክፈፉ ጋ ሳይደርሱ ይቆማሉ። ማስቲሽ ሁለቱም ላይ ይቀባል፣ ጨርቁም ብረቱም። ማስቲሹ ወዲያው አይጣበቅም፤ ደረቅ ብሎ ጣት ላይ መያያዝ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ እዚህ ላይ የሚቸኩሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ በአውራ ጣታቸው መሐለኛውን ምላስ ገፋ አድርገው ያስገባሉ፣ ይዘው ይቆያሉ፤ ቀጥሎ የግራውን ከመሐለኛው ላይ ደርበው፣ ቀጥሎ የቀኙን። በመሐሉ በሌላ እጃቸው መዳፍ ከላይ በኩል ማእዘኑን ያሹታል፣ የእጃቸው ሙቀት ፒቪሲውን ይበልጥ ያለሰልሰዋል። አንዲት ትንሽ ሽብሽብ ቀርታ ነበር። ሳይናገሩ ጨርቁን ትንሽ ወደ ጎን ሳቡት፤ ሽብሽቧ ወደ ጎን ቱቦው ሄደች፣ እዚያም በእጥፋቱ ውስጥ ጠፋች። ሦስቱ ምላሶች በአንድ የብረት ቀጭን ሰቅ ሥር ይያዛሉ፣ በሪቬት ይመታሉ። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ስልኩን ያያል።

ፍተሻው አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ሹፌሮች ውሃው ሲፈስ አንገታቸውን አስገብተው ከውስጥ ይመለከታሉ፣ ጠብ ካላለ ደስ ይላቸዋል። ሰፊው ከውጭ ሆነው ነው የሚያዩት። ውሃው የት ይዘገያል? ከቱቦ ቱቦ መሐል ኩሬ ከሠራ ዛሬ ባያፈስም ሐምሌ ላይ ያፈስሳል። ይህን ካዩ ሪቬቱን ነቅለው እንደገና ይስባሉ።

ስለ ጌጡ አንድ ነገር ልበል። ዘርፍ፣ የውስጥ ሰማያዊ ቬልቬት፣ የእግር ኳስ ቡድን ምልክት፣ በትልልቅ ፊደል የተሰፋ ጥቅስ ይታዘዛል። በበኩሌ ዘርፉን አልጠላም፤ ውስጥ ስላለ ጣሪያውን አይነካም። ከላይ ሸራው ላይ ፊደል እየሰፉ ጣሪያውን በመርፌ መብሳት ግን ምን ይባላል? እኚህ ሰው የታዘዙትን ጌጥ ሁሉ ይሠራሉ፣ ከላይ የሚሰፋውን ግን «በቀለም አስጽፈው» ብለው ይመልሱታል። ገንዘቡ ይቀርባቸዋል፤ ያም ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ጥቅስ በፊደል ቁጥር ነው የሚከፈለው።

ያን ቀን ሸራዋን ያለበሷት ባጃጅ ስታልቅ ሹፌሩ ዞሮ ዞሮ አያት። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መንገድ የሚሠራ፣ በርታኛም አማርኛም አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ ነው። ከኋላ ታች ግራና ቀኝ ሁለት ጠቅ የሚሉ ቁልፎች ቦታቸው ባዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለት ቁልፍ ረስተዋል።»

«አልረሳሁም። ሳምንት ፀሐይ ይምታት፣ ትላላ። ከዚያ ስትመጣ ስቤ እመታቸዋለሁ። ዛሬ ከመታኋቸው ቀዳዳው ያለቦታው ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ያላለቀ ሥራ ሙሉ ሒሳብ ይከፈላል እንዴ?»

«የሁለቱን ቁልፍ ቀንሰህ ስጠኝ።»

ልጁ ይህን አልጠበቀም። ትንሽ አሰበና ቀንሶ ከፈለ፤ የቀነሰው ሰውየው ካሰቡት በዛ ያለ መሆኑን ከፊታቸው አይቻለሁ፣ ምንም ግን አላሉም። ሁለቱን ቁልፎች ከነክዳናቸው በወረቀት ጠቅልለው የባጃጇን ታርጋ ቁጥርና ቀኑን ጻፉበትና የክር ሳጥናቸው ውስጥ ጣሉት። ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ የተጠቀለሉ ሌሎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ያለው ቀን የአምና ነው።